የመጀመሪያው ጣባ

አቶ ባዩ የተገኙት ከቢሮው ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር ነው። በጎናቸው ወድቀው ከአፋቸው አረፋ ይወጣ ነበር። አጠገባቸው ባዶ የክትፎ ጣባ ተደፍቷል። ሁለት እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ አፈር ለብሷል።

ከአዳራሹ የመስቀል ዘፈን ገና ይሰማል። ማንም አላጠፋውም።

ኢንስፔክተር ከማሉ ሲደርስ አምቡላንሱ ሽማግሌውን ይዞ ወደ ሆስፒታል ሄዷል። ቀድማው የደረሰችው ሳጅን ሐና ግን ከቦታው አልተነቃነቀችም። ሽማግሌው ከወደቁበት ጥቂት ራቅ ብሎ አፈሩ አዲስ የተቆፈረበትን ቦታ አሳየችው። አፈሩ ተመልሶ ተደልድሏል፤ ከላዩም ትልቅ ድንጋይ ተጭኖበታል።

ድንጋዩን አንስተው ቆፈሩ። የተቀበረው ክትፎ ነበር፤ ከነኮባ ቅጠሉ፣ ከነቀንድ ማንኪያው።

«ማስረጃ የደበቀ ሰው አለ» አለች ሐና።

«እጃቸው ላይ ያለው አፈርስ?»

«ሲያጣጥሩ መሬቱን ቧጭረው ይሆናላ።»

ከማሉ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ከቅቤውና ከኮሰረቱ ሥር ሌላ ሽታ አለ። ልጅ ሳለ ቆሼ ከተማ አጠገብ፣ አጎቱ በርበሬ ማሳ ላይ ሲረጩት የሚያውቀው ዓይነት ሽታ ነው። ቀና ብሎ አዳራሹን አየ።

«ያንን ዘፈን አስጠፊልኝ። ማንም ከግቢ እንዳይወጣ።»

*

ቢሮው የቡታጅራ አካባቢ ገበሬዎች ማዳበሪያና የሰብል መድኃኒት የሚወስዱበት የኅብረት ሥራ ዩኒየን ነው። ሠራተኛው መስቀልን በየአገር ቤቱ አክብሮ ሲመለስ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን አብሮ ይበላል። ለግብዣው የቆየ ደንብ አለው። በመስቀል ሙስሊሞቹ ያስተናግዳሉ፤ በኢድ ክርስቲያኖቹ። ከብቱ ለየብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም፣ ቢላውም፣ ገበታውም ለየብቻ ነው። ምግቡን ተሸክሞ የሚያቀርበው ግን ምንጊዜም በዓሉ ያልሆነው ወገን ነው።

«ማን ጀመረው?» አለ ከማሉ።

«እኔ ስመጣም አገኘሁት» አለ ሥራ አስኪያጁ አቶ ዳዊት። ከወልቂጤ ተዛውሮ የመጣው በክረምቱ ነው። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ላቡን አልደበቀለትም። «እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር።»

«ጣባው ለጋሽ ባዩ እንዴት ደረሰ?»

«የመጀመሪያው ጣባ በቀጥታ ለሳቸው እንዲቀርብ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። የሰብል ባለሙያችን ናቸው፤ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ። ታላቅ ተቀምጦ እኔ ቀድሜ ልብላ? ከጎናቸው ተቀምጬ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ራሴ አጎረስኳቸው። ቅቤው የሚጠራቀመው ከሥር ስለሆነ፣ በማንኪያው ከሥር ዝቄ።» እጁን አየው። «እኔ ነኝ ያጎረስኳቸው።»

«ለሳቸው እንደሚቀርብ ማን ያውቅ ነበር?»

«ሩፋይዳ ብቻ። የመስተንግዶው ኃላፊ እሷ ነበረች። ጠዋት በጆሮዋ ነገርኳት።»

ሐና ከማሉን አየችው።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ዓብይ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ትልቅ ሰው በአደባባይ ሲያለቅስ ማየት ስለሚከብድ፣ ሠራተኛው ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮለታል።

«አባቴ ማለት ናቸው» አለ ዓብይ። «ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማን ጨክኖ...»

«ጣባው ሲቀርብ የት ነበርክ?»

«ማይክ ይዤ የእንኳን አደረሳችሁ ንግግር ላይ ነበርኩ። አዳራሹ ሙሉ ይመሰክራል።»

አዳራሹ ሙሉ መሰከረ። እንዲያውም አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል ፈገግ አለ። «ንግግሩ ጠፋበት እኮ! ‘የተከበራችሁ’ ብሎ ቆመ። አንደኛው ‘የተከበርነውስ እኛ ነን፣ ቀጥል!’ አለው። ሳቅንበት።»

«ጋሽ ባዩስ?»

የሰውየው ፈገግታ ጠፋ። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነውር ነው በዚህ ሰዓት ማውራት። ግን ሁላችንም ታዝበናቸዋል። ጋሽ ባዩ ጉርሻ የሚጀምሩት ከዘበኛው ነው፤ ማንንም አይረሱም። ዛሬ አንዲት ጉርሻ ጎረሱና ጣባውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። እቴነሽ፣ ክትፎውን የሠራችው ሴትዮ፣ ከጣባቸው ልትቀምስ እጇን ብትዘረጋ መቷት።»

«መቷት?»

«እጇን ቸብ አደረጓት። ከዚያ ጣባውን በኮባው ሸፍነው፣ ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ። ግብዣ ላይ ጣባ ይዞ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። አንዱ ‘አረጁና ሆዳም ሆኑ’ ሲል ሰምቻለሁ። አሁን ያ ሰውዬ ጓዳ ገብቶ እያለቀሰ ነው።»

*

እቴነሽ የተመታ እጇን በሌላው እጇ ይዛለች።

«ክትፎውን የሠራሁት ከአንድ ገበቴ ነው። ሁሉም ከዚያ በላ፤ ማን ታመመ? እኔም ስቀምስ ነው የዋልኩት።»

«ጣባውስ?»

«ሌላው ጣባ የእኔ ነው። የመጀመሪያው ግን የቢሮው ነው፤ ያ ትልቁ ጥቁሩ። አቶ ዓብይ ናቸው ከቁም ሳጥን አውጥተው ቅቤ ቀብተው ያመጡልኝ። በእኛ ደንብ የበዓል ጣባ ደረቁን አይቀርብም፤ ይቀባል። እግዜር ይስጣቸው፣ ሥራ አቀለሉልኝ።»

«ከዚያ ሩፋይዳ ወሰደችው።»

«ወሰደችው። ግን ልጅቷን ተዉዋት፤ ጨዋ ልጅ ናት።»

*

ሩፋይዳ በዩኒየኑ የሰው ኃይል ክፍል ትሠራለች። ጥቁር ሒጃቧን እንዳስተካከለች፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠች።

«ጣባውን አቅርበሽ ከጎናቸው ቆመሽ ሳለ፣ ጋሽ ባዩ አንዲት ጉርሻ እንደጎረሱ ወደ ጆሮሽ ጠጋ ብለው አንድ ነገር አሉሽ» አለ ከማሉ። «ያየ ሰው ብዙ ነው። ፊትሽ ተለዋወጠ፤ እያለቀስሽ ወጣሽ። ምን አሉሽ?»

«አልናገርም።»

«ሰደቡሽ?»

ሩፋይዳ ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሳችም።

«ሩፋይዳ፣ ጣባውን የተሸከምሽው አንቺ ነሽ። ለማን እንደሚቀርብ የምታውቂውም አንቺ ነሽ። ሽማግሌው ሆስፒታል ውስጥ ከሞት ጋር እየታገሉ ነው። ዝም ካልሽ ላስርሽ ነው።»

«ይሰሩኝ» አለች። «የታመመ ሰው መልስ በማይሰጥበት ሰዓት ስሙን አላነሳም።»

ከማሉ ከሃያ ዓመት በላይ ሰው መርምሯል። የሚዋሽ ሰው ምን እንደሚመስል ያውቃል። ይህች ልጅ ግን አንድ ነገር በሁለት እጇ አቅፋ የተቀመጠች ትመስላለች። አሰራት።

ወዲያው አባቷ ሙባሪክ ከእንሴኖ መጣ። የጤፍ ነጋዴ ነው፤ ሱቁን ሳይዘጋ ነው የመጣው።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም፤ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። ገበያው ምን እንደሚል ሰምተሃል ከማሉ? ‘የእስላም ልጅ በመስቀል ክርስቲያን መረዘች’ ይላል። የእኛዎቹ ጎረምሶች ደግሞ ‘ልጃችንን በሐሰት አሰሩ’ እያሉ መንገድ ዳር ተሰብስበዋል። ልጄ ነች፤ እኔ የምፈራው ለሷ ነው። ግን አንተ ይህን ነገር ቶሎ ካልጨረስከው፣ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ይጨርሰዋል።»

*

ሐኪሙ የከማሉ አፍንጫ ያሸተተውን አረጋገጠ፤ የሰብል ተባይ መድኃኒት ነው። ዩኒየኑ የዚህን ዓይነት መድኃኒት በመጋዘኑ ያስቀምጣል። ቁልፉ የመጋዘን ሠራተኛው ሙከሚል ጋ ነው። ሙከሚል ደግሞ ጊዜው ባለፈ መድኃኒት ምክንያት ከጋሽ ባዩ ጋር በሰው ፊት ተጨቃጭቆ ነበር።

«ወላሂ አላደረግኩም!» አለ ሙከሚል ገና ሳይጠየቅ። «እኔ ለኛ ገበታ በግ ልገዛ እንሴኖ ወርጄ፣ ስመለስ ግብዣው ፈርሶ ነው ያገኘሁት። በጉ ራሱ ይመስክር!»

በጉ ባይመሰክርም ነጋዴውም የሚኒባሱ ሾፌርም መሰከሩ። ሙከሚል ግን ዓይኑን ከከማሉ ዓይን ይሸሻል።

«ከመጋዘኑ መድኃኒት የሰጠኸው ሰው አለ?»

«ጋሽ ባዩን ለሚጠላ ሰው? የለም! እሳቸውን የሚጠላ ሰው የት አለና?»

ይህ መልስ የጥያቄው መልስ አልነበረም። ከማሉ ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው።

*

ጋሽ ባዩ አንድ ቃል ሳይናገሩ በማግስቱ ጠዋት አረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ከሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ነበሩ። ነርሷ የሰጠቻቸውን የባላቸውን ነጭ ሸሚዝ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ያለሰልሱታል። አላለቀሱም። ከማሉ ከጎናቸው ተቀመጠና ማለት የሚገባውን አለ። እሳቸውም መመለስ የሚገባውን መለሱ።

«ይህን ሸሚዝ ለበዓሉ የተኮስኩለት እኔ ነኝ» አሉ ቆየት ብለው። «እጅጌውን አየኸው?»

ከማሉ አየ። ሁለቱም እጅጌዎች እስከ ክርን ድረስ በጥንቃቄ፣ እኩል እኩል ተጠቅልለው ወደ ላይ ተሰብስበዋል። ጥቅሉ ውስጥ አፈር የለም። አፈሩ የነበረው እጃቸው ላይ ብቻ ነው።

«ማሳ ሲገባ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። «አፈር ሊነካ ሲል። እኔ እንዳልቆጣው።»

ከማሉ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሲያጣጥር መሬት የሚቧጭር ሰው እጅጌውን አይሰበስብም። እጅጌውን የሚሰበስብ ለመቆፈር ያሰበ ሰው ነው።

ወደ ቢሮው ተመልሶ ብቻውን ከአጥሩ ሥር ቆመ። ማስረጃ የደበቀ ሰው አልነበረም። ክትፎውን የቀበሩት ጋሽ ባዩ ራሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ መድኃኒት ጋር የሠሩ ሰው፣ ጉርሻዋ ምላሳቸውን ስትነካ አውቀዋታል። ከአለቃቸው እጅ የጎረሱትን በበዓል ገበታ ላይ አልተፉም፤ ዋጡ። ማንም እንዳይቀምስ ጣባውን ሳቡ፤ የተዘረጋን እጅ መቱ፤ ሆዳም ተባሉ። ውሻ እንዳይነካው፣ ሕፃን እንዳያገኘው ጉድጓድ ማሱ፤ ድንጋይ ጫኑበት። ሆስፒታሉ ከዚህ ግቢ ሩቅ አይደለም። እሳቸው ግን አስቀድመው የቀበሩት ክትፎውን ነው።

ከማሉ ቆቡን አወለቀ። ነፋሱ ባሕር ዛፉን ሲያንሿሿው እየሰማ ትንሽ ቆየ።

*

«ጋሽ ባዩ አርፈዋል» አላት ሩፋይዳን። ከዚያም ያየውን ሁሉ ነገራት፦ እጅጌውን፣ ጉድጓዱን፣ ድንጋዩን።

ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«‘ልጄ፣ እጅሽን ታጠቢ’ ነው ያሉኝ» አለች።

ከማሉ ወንበሩን ወደ እሷ አቀረበ።

«የክርስቲያን ገበታ ስለነካሁ መሰለኝ። ወይ የእስላም እጅ ስለነካባቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጣባቸውን ተሸክሜ ወስጄ... ልቤ ተሰበረ። ግን ይህን ብናገር ኖሮ ጎረምሶቹ ምን ያደርጉ ነበር? የሳቸውስ ስም? በአንዲት ክፉ ቃል አይታወሱ ብዬ ነው።» እንባዋ አሁን ፈሰሰ። «እጄ ላይ ቅቤው ነበር። አይደል? ጣባው ዳር ላይ የነበረው ቅቤ። ለእኔ ብለው ነው።»

«ለአንቺ ብለው ነው።»

«እኔ ግን አልታጠብኩም። ተናድጄ በመሐረቤ ጠረግኩት።»

ሐና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከማሉም የሚያየው ነገር አጥቶ ጠረጴዛውን አየ። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ክብር ይዞ፣ አንዱ እስከ ሞት፣ አንዷ እስከ እስር ቤት ዝም ብለዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመኛል ብሎ አስቦ አያውቅም።

«መሐረቡ የት ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

መሐረቡ ላይ ሥጋ አልነበረም። ቅቤ ብቻ ነው ያለው። ቅቤው ደግሞ ያንን ሽታ ይሸታል። መርዙ ክትፎው ውስጥ ሳይሆን ጣባው ላይ ነበር።

«ጣባውን የቀባው ዓብይ ነው» አለች ሐና። «ግን ዓብይ ጋሽ ባዩን ለምን ይገድላል? አባቴ እያለ ነው የሚያለቅሰው። ለቅሶው ደግሞ የውሸት አይመስልም።»

«አይደለምም» አለ ከማሉ። «ተነሺ፤ ቡኢ እንሂድ።»

*

የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ አቶ ወልደማርያም ጡረታ ወጥተው ቡኢ፣ አስፋልቱ ዳር ካለው ቤታቸው ይኖራሉ። የባዩን መርዶ ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» አለ ከማሉ። «በመስቀል ግብዣ የመጀመሪያውን ጣባ ማን ነበር የሚበላው?»

«እኔ ነኛ።»

«አለቃ ስለሆኑ?»

ሽማግሌው የተሰደቡ ያህል ቀና አሉ። «ምን ማለትህ ነው? ጣባ የታላቅ ነው! እኔ ከሁሉም ታላቅ ስለነበርኩ ነው። ሹመት ገበታ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ሠራተኛው ይህን ያውቅ ነበር?»

አቶ ወልደማርያም ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ቆሙ። አሰቡ።

«ማን ነግሯቸው?» አሉ ቀስ ብለው። «ሁልጊዜ አለቃውም ታላቁም እኔው ነበርኩ። የሚያዩት አለቃ ሲበላ ነው።»

ሐና መኪናው ጋ እስኪደርሱ አልታገሰችም። «ዓብይ ዘንድሮም አለቃው የሚበላ መስሎት ነበር! ጣባውን የቀባው ለዳዊት ነው!»

«ወልደማርያም ጡረታ ሲወጡ ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ማን ነው?»

«ዓብይ።»

«ወንበሩ ላይ የመጣውስ?»

«ዳዊት። ጣባው በቀጥታ ለታላቅ እንደሚቀርብ ደግሞ ለሩፋይዳ ብቻ ነው የተነገረው። እኛ ገዳይ ያልነው ያወቀውን ሰው ነው። ገዳዩ ግን ያላወቀው ነው።»

«ማይኩን ይዞ ጣባው ወዴት እንደሄደ ሲያይ ነው ንግግሩ የጠፋበት» አለ ከማሉ።

ቡታጅራ ሲገቡ መጀመሪያ የቆሙት ሙከሚል ቤት ነው። ከማሉ ከመኪናው ሳይወርድ ጠየቀው። «ዓብይ መድኃኒቱን ምን ብሎ ነው የወሰደው?»

ሙከሚል ጭንቅላቱን ያዘ። «ለጓሮ ጎመኑ ብሎ። አቶ ዓብይ ጋሽ ባዩን ሊጎዱ አይችሉም ብዬ እኮ ነው ያልተናገርኩት! በአላህ!»

*

ዓብይን ያገኙት ድንኳን ሲተክል ነው። ለጋሽ ባዩ ለቅሶ ከጠዋት ጀምሮ እንጨት ሲሸከም ውሏል።

ከማሉ ወደ ጎን ጠራው። «ማይኩን ይዘህ ነበር» አለው። «አንድ ቃል ብትናገር ይሰማ ነበር። ‘አይብሉ’ ብትል።»

ዓብይ የያዘውን ካስማ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ዳዊትን እንዲያመው ብቻ ነበር» አለ። «በሰው ፊት አስታውኮ እንዲዋረድ። ሌላ አላሰብኩም። ጣባው ወደ ጋሽ ባዩ ሲሄድ... አፌ ደረቀ። ‘የተከበራችሁ’ አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣልኝም። ሲያጎርሳቸው እያየሁ ነበር።» ወደ ድንኳኑ ዞረ። «ከዚያ ጋሽ ባዩ ቀና ብለው አዩኝ።»

«አወቁህ?»

«ፊቴን አይተው አወቁኝ። ጣባውን ሸፍነው በአጠገቤ አለፉ። ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ትከሻዬን ነካ አድርገው ‘ንግግርህን ጨርስ’ ብለውኝ ወጡ።»

ሐና ካቴናውን አወጣች።

*

በሥልስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ከማሉ ከወይዘሮ የሺመቤት አጠገብ ቁጭ ብሎ ባላቸው ያደረጉትን ሁሉ በዝግታ ነገራቸው። ፊታቸው አልተለወጠም።

«ብዙ ተሰቃየ?» ብቻ አሉ።

«ሐኪሙ ራሳቸውን ቶሎ ስተዋል ብሏል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጅቷስ?»

«ተፈትታለች። መምጣት ግን ፈርታለች። ገበያው ያወራውን የሚያምን አሁንም አለ።»

ከሰዓት በኋላ ሩፋይዳ ከአባቷ ጋር መጣች። የግቢው በር ላይ ቆመች። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት አጠገቧ ላለችው አንሾካሾከች። ሙባሪክ የልጁን ክንድ ያዘ፤ ወደፊት ሊወስዳት ይሁን ሊመልሳት አልታወቀም።

ባሏ የሞተባት ሴት ለለቅሶ ደራሽ አትነሳም። ሰው ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷ ከፍራሿ አትነቃነቅም። ደንቡ ይኸው ነው።

ወይዘሮ የሺመቤት መሬቱን በእጃቸው ተደግፈው ተነሱ። የሚያግዛቸውን ሰው እጅ አልተቀበሉም። ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር በባዶ እግራቸው አቋርጠው በሩ ድረስ ሄዱ፤ የልጅቷን ሁለት እጆች በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ነይ ልጄ» አሉ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «ቦታሽ ከእኔ ጋር ነው።»

መጀመሪያ የተነሳው አንድ ሽማግሌ ነው። ከዚያ አጠገቡ ያለው፤ ከዚያ ሴቶቹ፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። ከማሉም ተነስቶ ቆመ። ሁለቱ ሴቶች በሰው መሃል አልፈው ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን እስኪቀመጡ ድረስ አንድም የተቀመጠ ሰው አልነበረም።